ቢላ ሰባሪውና እህቱ

በእኛ ወርክሾፕ ውስጥ ደመወዝ እየተከፈለው ዕቃ የሚሰብር ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቻችን አንድ ቢላ ከእጃችን ወድቆ ጫፉ ከተቀነጠበ፣ ዓይናችንን በጨው አጥበን ካልካድን በቀር ከአለቃው ቁጣ አናመልጥም። እሱ ግን ጠዋት ገብቶ ሦስት ይሰብርና እጁን ታጥቦ ቁርሱን ይበላል። በዚህ የተነሣ ስሙ ተረስቶ ሰባሪው ተባለ።

እኔ የወርክሾፑ ቆዳ ሰፊዋ ከእሱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጬ የቢላ ሰገባ እሰፋ ነበር። አብዛኛውን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ በኋላ ራሱ ነግሮኛል።

የምንሠራው ለደን ጠባቂ፣ ለመሬት ቀያሽ፣ ተራራ ላይ የጠፋ ሰው ለሚፈልጉ የነፍስ አድን ሠራተኞች የሚሆን ቢላ ነው። የሚታጠፍ ዓይነት አይደለም፤ ብረቱ ከጫፉ አንሥቶ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ ወጥ ነው። “ስለትማ የሞረድ ጉዳይ ነው፣ ማንም ያወጣዋል” ይል ነበር ሰባሪው። “እኔ ማወቅ የምፈልገው ሰውየውን በጨነቀው ቀን ይከዳዋል ወይስ አይከዳውም የሚለውን ነው።”

ከየሠላሳው ቢላ ሦስቱን ሳይመርጥ ያነሣል። መጀመሪያ በደረቅ የእንጨት ጉጥ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ ይከተክትበታል። ቀጥሎ ስለቱን ግንድ ላይ አሳርፎ ጀርባውን በእንጨት መዶሻ እየመታ ግንዱን ይፈልጥበታል። በመጨረሻ ጫፉን በሞርሳ የብረት መንጋጋ ያስነክስና እጀታው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ወደ ጎን ይገፋዋል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረ ምልክት አለ። እስከዚያ ጎብጦ ሲለቁት ከተመለሰ አልፏል ማለት ነው። ያለፈውንም ቢሆን ግን ሳይሰብር አይተወውም፤ ብረት ጉዱ የሚታየው ስብራቱ ላይ ነዋ። ደህናው ብረት ውስጡ እንደ አመድ የላመ ነው። እሳት የበዛበት እንደ ጨው ቅንጣት ያብለጨልጫል። እንዲህ ያለው ሲነኩት ጠንካራ ይመስላል፤ ጉልበት ሲያርፍበት ግን ቀጭ ይላል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከምልክቱ በፊት ከተሰበረ ሠላሳውም ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

ብረቱን እቶን ውስጥ የምታግለው ታላቅ እህቱ ነበረች። እታለም ይላታል፤ እኛም፣ አለቃው ሳይቀር፣ እታለም እንላት ነበር። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሁለት ጊዜ ለትዳር ተጠይቃ ሁለቱንም ጊዜ “ይህን ልጅ ለማን ጥዬው?” ብላ መልሳለች። እዚህ ሥራ ያስገባችውም እሷ ናት። የእቶኑ ሙቀት መለኪያ ከተበላሸ ዘመን ሆኖታል፤ እሷ እያለች የሚያስጠግነው አልተገኘም። በእቶኑ ትንሽ መስኮት አጎንብሳ ታያለች። የብረቱ ቀለም ከደም ቅላት ወደ ብርቱካን ሊሻገር ሲል “በቃው!” ትልና አውጥታ ዘይት ውስጥ ትነክረዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራች። “እኔ እወልዳለሁ፣ ወንድሜ ይገድላል” እያለች ታስቀን ነበር።

ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን አንድ ማክሰኞ፣ ሰባሪው ከሦስቱ ቢላዎች ሁለቱን ፈትኖ አሳለፈ። ሦስተኛው ገና ግማሽ ሳይጎብጥ ቀጭ አለ። ስብራቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና አየው። ከዚያ ኪሱ ከተተው።

“ምነው?” አልኩት።

“ምንም። ቱቦው አዳልጦኝ ነው።”

መዝገቡ ላይ “አልፏል” ብሎ ጻፈ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ውሸት ነበር ማለት አልችልም፤ በሥራው ግን የመጀመሪያው ነው። እታለም በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዟት ስለነበር አንዴ ተሳስታ ነው፣ አይደገምም ብሎ ነበር። የቀሩት ሃያ ሰባት ቢላዎች ሰገባ ለበሱና ሄዱ። ሰገባውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ዙር ሦስቱም ከምልክቱ በፊት ተሰበሩ። እሱንስ መለሰ፤ ለአለቃው ግን “ብረቱ ነው መጥፎ” አለው። የሚቀጥለውም እንደዚያው ሆነ። ያኔ እህቱን ልብ ብሎ ማየት ጀመረ። ሽርጧን ለመስቀል ሚስማሩን በእጇ ትዳብሳለች። ቤቷ ሄዶ ሻይ ስትቀዳለት ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

“እታለም፣ ዓይንሽን ሐኪም ይየው እስቲ።”

“ዓይኔማ ደህና ነው። የማየው ነገር ነው ያስጠላኝ። ፊትህን አይተኸዋል?” ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ነገሩ ገብቶታል። የደከመ ዓይን እሳቱ ይደበዝዝበታል፤ እሷ የለመደችው ቀለም እስኪመጣ ስትጠብቅ ብረቱ ይቃጠላል። ይህን እያወቀም ዝም አለ፤ ከመጀመሪያው ስብራት ወዲህ ስድስት ሳምንት አለፈ። ከፊቷ ቆሞ ሊናገር ይልና ሌላ ወሬ ያነሣል።

አለቃው በበኩሉ ከብረት ነጋዴው ጋር ተጨቃጨቀ። ነጋዴው ምሎ ተገዘተ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አለቃው ወርክሾፑ መሐል ቆሞ፣ “በቃ፣ ብረቱን ከሌላ ሰው ልገዛ ነው” አለ።

እታለም ከእቶኑ ቀና አለች። “ብረቱ ምንም አልሆነም። እኔ ሳግለው አውቀዋለሁ። እስቲ የተሰበረውን አሳዩኝ።”

ወደ ሰባሪው ጠረጴዛ መጣች። ሰባሪው ስባሪውን በጭብጡ ያዘው።

“እታለም፣ ተይው ግድ የለም።”

“ስጠኝ።”

ሰጣት። ወደ ዓይኗ እንኳ አላስጠጋችውም። ስብራቱን በአውራ ጣቷ አንዴ ዳሰሰችና ቆመች። እኔ መርፌዬን ይዤ ቀረሁ።

“ያቃጠልኩት እኔ ነኝ” አለች። “ስንት ጊዜ ሆነው?”

“ስድስት ሳምንት።”

“እያወቅህ?”

“እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፣ እታለም።”

“ከእጅህ ያለፈ አለ?”

አንገቱን ደፋ።

“እናትም አባትም ሆኜ አሳድጌሃለሁ። ያለፈ አለ ወይ ነው ያልኩህ?”

“አለ። የመጀመሪያው ዙር። ሃያ ሰባት።”

የእንጨት ግንዱ ላይ ቁጭ አለች። ድምፅዋን ሳታነሣ፣ “ለእኔ ብለህ፣ የማታውቀውን ሰው ገደል አፋፍ ላይ አቆምከው?” አለችው። ሽርጧን ፈታች። ለአለቃው ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ በራሷ አንደበት ነግራው ወጣች። እሱ ሊከተላት ሲል በእጇ ከለከለችው። በጠራራ ፀሐይ ግድግዳውን እየዳበሰች ስትሄድ አየናት።

አለቃው ለገዢዎቹ ሁሉ ደብዳቤ ጻፈ፣ ስልክ ደወለ። በአንድ ወር ውስጥ ሃያ አራት ቢላ ተመለሰ። አንድ ደን ጠባቂ “ወድጄዋለሁ፣ አልሰጥም” ቢል ሰባሪው ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ፣ ለምኖ አመጣው። ሁለቱ ግን ከአንድ የመንገድ ዳር ሱቅ ተሸጠው፣ ማን እንደገዛቸው ሳይታወቅ ቀሩ። የተመለሱትን ሃያ አምስቱን አንድ በአንድ በሞርሳ አስነክሶ ፈተናቸው። አሥራ አንዱ ከምልክቱ በፊት ተሰበሩ። አሥራ አንደኛው ሲሰበር ቱቦውን ጣለና ውጭ ወጣ።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም አላት። እሱ እቤቱ ሊወስዳት አልጋ ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር፤ እሷ ግን እኔ ዘንድ መጣች። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነበር የምኖረው።

“እሱ ቤት ብገባ ነጋ ጠባ ደህና ነሽ እያለ ይዋሸኛል” አለችኝ። “አንቺ ግን ለማንም አትራሪም።”

“ምስጋና ነው ስድብ?” አልኳት።

“እንደፈለግሽ አድርጊው።”

በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ፊት አትነሣውም፤ ታወራዋለች፣ ትቀልድበታለች። ግን እስከ አርባ ዓመቱ ድረስ ማሙሽ ስትለው የኖረችውን ሰው ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ እኛ ሰባሪው ትለው ጀመር። በጠራችው ቁጥር ፊቱ ሲለዋወጥ አያለሁ። እሷ አታይም።

በሦስተኛው ዓመት ሳንባዋን ታመመች። አንድ ጠዋት እግሯ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ስንት ጊዜ ሊላት ፈልጎ የፈራውን ተናገረ።

“እታለም፣ ይቅር ብለሽኛል?”

“ሁለቱ ተገኙ?”

“አልተገኙም።”

“ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ይቅርታው የእነሱ ነው።” ትንፋሽ አጥሯት ቆየች። “አልጠላሁህም እኮ። ምን አንጀት አለኝና! ና አሁን፣ ብርድ ልብሱን ሳብልኝ፣ እግሬን በረደኝ።”

ጎትቶ አለበሳትና እግሯን እንደያዘ ዋለ። በሁለተኛው ቀን አረፈች።

አሁን እቶኑ አዲስ መለኪያ ተገጥሞለታል። ሰባሪው ግን ሥራውን አልተወም። የዓመት ዕረፍቱን ሲወጣ ወደዚያ የመንገድ ዳር ሱቅ ይሄዳል። ባለሱቁ ከገዢዎቹ አንዱ ንብ አናቢ ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ እግሩን ያነክሳል ብሎታል። ባለፈው የዝናብ ወራት በየመንደሩ ሲጠይቅ አሥር ቀን ቆይቶ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ለብሶ ደጃፌ ላይ ቆመ።

“የለም” አለኝ።

ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። እኔም ውኃ አሞቅሁለት።