ቁርስ በባላባቱ ቤት

እናቴን ወደዚያ ቤት የወሰድኳት ለእሷ ብዬ እንደሆነ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ውሸቴን ነው። የወሰድኳት ለራሴ ንዴት ብዬ ነው።

ቤቱ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለ የድሮ ባላባት ቤት ነው። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት፣ ጣሪያው ከውስጥ በቀርከሃ የተለበጠ ፎቅ። እናቴ በልጅነቷ፣ አብዮቱ መጥቶ ባላባቱን እስኪያስወጣ ድረስ፣ እዚያ ቤት እጅ አስታጣቢ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ በየተራ እያጎነበሰች ታስታጥባለች፤ ሲበሉ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሲጨርሱ እንደገና ታስታጥባለች። በዚያ ሳሎን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣ አታውቅም። ይህን የነገረችኝ ሳታማርር ነው። የተማረርኩት እኔ ነኝ።

ቤቱ ከዚያ በኋላ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ የእህል መጋዘን ሆነ፣ የሌሊት ወፍ ማደሪያ ሆነ። በቅርቡ ደግሞ የባላባቱ የልጅ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ አደሰውና የእንግዳ ማረፊያ አደረገው። አልጋና ቁርስ አለው፤ በሩ ላይ «የአያቶቻችን መስተንግዶ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ሰሌዳውን ከሚኒባስ መስኮት አየሁትና ደሜ ፈላ። እናቴ እዚህ ቤት በእንግድነት ታድራለች፣ ጠዋት ገበታ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔም ባለቤቱን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እናቴ እዚህ ቤት ቆማ ነው ያደገችው፤ ዛሬ ተቀምጣለች» እለዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ጠብቄ ይዣት ስመጣ፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ይህንኑ በልቤ ስደጋግም ነበር።

ገና ደጃፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች።

«እማ፣ ምን ሆነሻል? እንግዳ ነሽ እኮ!» ብዬ ተቆጣኋት።

«ወለሉ ተወልውሏል» አለች። መልሳ ተጫማች፤ ግን እንቁላል ላይ የምትሄድ ያህል ነበር የምትራመደው።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሏን ሳንኳኳ ለባብሳ ቆማ አገኘኋት። አልጋው ሰው ያደረበት አይመስልም። መሬት ላይ ተኝታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ መልሷ ያናድደኛል ብዬ ፈራሁ።

ሳሎኑ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ የገብስ ቂጣ፣ ማርና ትኩስ ድንች ቀርቧል። ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ነበሩ። እናቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ የወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። ይሁን፣ ተቀምጣለች። ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ ባለቤቱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ገባ።

«በአያቶቻችን ወግ እኔው ራሴ አስታጥባችኋለሁ» አለ እየሳቀ። ደግ ሰው ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሽማግሌዎቹን አልፎ በር አጠገብ ከተቀመጠች ወጣት ጀመረ። ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

እናቴ ብድግ አለች።

«ውይ የጌታዬ ልጅ! እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ይስጡኝ።»

«ኧረ እማማ፣ ይቀመጡ! ነውር ነው!»

እጀታውን ይዛ አልለቅም አለች። «ፎጣው በግራ ክንድ ነው» አለችው ቀስ ብላ፤ ከትከሻው አንስታ ክንዷ ላይ ጣለችው። ከሁሉም ታላቅ ከሆኑት ሽማግሌ ጀመረች። ጎንበስ ብላ ስታፈስ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ስልኮች ወጡ። ባለቤቱም መከልከሉን ተወና፣ «አያችሁ፣ ድሮ ልክ እንዲህ ነበር» እያለ ባዶ የቀረው ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

ዘግይታ መጥታ በሌላው ጎኔ የተቀመጠች ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «የቤቱ ሠራተኛ ናቸው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ያ ሁሉ ያመጣሁት ንግግር ምላሴ ላይ ነበር። እናቴ ናት ማለት ነበረብኝ። ተነስቼ ማንቆርቆሪያውን መቀበል ነበረብኝ፤ እናቱ ቆማ እያስታጠበች ተቀምጦ የሚጠብቅን ልጅ እኛ አገር ምን እንደሚሉት አውቃለሁ። ግን ስልኩ ሁሉ እሷ ላይ ነው። አፈርኩ። በባለቤቱ አይደለም፣ በእሷ።

«ይመስለኛል» አልኩ።

ተራዬ ደረሰ። እናቴ ሳህኑን ከእጄ ሥር አደረገች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ አስታጣቢ እጅ እንጂ ፊት አያይም። ታጠብኩ። ከክንዷ ላይ በተንጠለጠለው ፎጣ እጄን አደረቅኩ፤ «አመሰግናለሁ» እንኳ አልኳት፣ እንደ ባዳ።

ወደ ከተማ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ስለ ባለቤቱ ደግነት አወራች፣ ስለ ቀርከሃው ጣሪያ አወራች። እኔ ውጭ ውጭውን አያለሁ። ከዚያ እጄን ይዛ በሁለት መዳፏ ታሸው ጀመር።

«ውሃውን ለብ ማድረግ ነበረብኝ» አለች፤ «እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር።»