የጋሼ ሸምሱ ሜትር

ባለፈው እሑድ የሪሞቱን ባትሪ አውጥቼ መስኮት ላይ ፀሐይ ሳስሞቀው የልጅ ልጄ ለሊሴ አየችኝና "አኮ፣ በቆሎ አደረግሽው እንዴ የምታሰጪው? አዲስ እንገዛለን እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ ደስ ቢለኝም ልቤ እሷ ጋ አልነበረም፤ የሞቀው ቆርቆሮ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እኔ ልጅ ሆኜ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ጋሼ ሸምሱ ሱቅ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ።

ጋሼ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የከረሙ፣ ጨርቅም ጨውም ላምባም የሚሸጡ ሰው ነበሩ። በሰፈሩ ሬዲዮ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ የሬዲዮውን ባትሪ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያሞቁትና አመሻሽ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ዜናውን ይከፍቱልናል። አባቴ የጎጃም ሰው፣ እናቴ የጉቴ ልጅ በመሆናቸው አማርኛውን ዜና ወደ ኦሮምኛ የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። ከጉቴ ቡና ይዘው የሚመጡት ሽማግሌ፣ ኦቦ ዲንሳ፣ ዜና አንባቢው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ "ማል ጄዴ? ምን አለ?" ይሉኛል። ሌላው ሲተረጉም የራሱን ሐሳብ ስለሚቀላቅልበት የሚያምኑት እኔን ብቻ ነበር።

ከዜናው በኋላ ክርክሩ ይቀጥላል። ድሮ ሁሉም ባንዴ ሲጮህ አንድ ቀን ፋኖስ ተሰበረና ጋሼ ሸምሱ ሕግ አወጡ፤ የጨርቅ መለኪያውን የእንጨት ሜትር የያዘ ይናገራል፣ ያልያዘ ይሰማል። ሜትሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ስንቱ መንግሥት ተሾመ፣ ስንቱ ተሻረ! እኔ ጋ ሲደርስ ግን በአናቴ ላይ አልፎ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። ዓለሙን በአፌ እያቀረብኩላቸው ስለ ዓለሙ አንዲት ቃል አልተነፍስም!

አንድ ዳመናማ ቀን ድንጋዩ በደንብ ሳይሞቅ ዋለ። ሬዲዮው ሁለት ኃያላን አገሮች ስለ አንዲት ትንሽ አገር ሲነጋገሩ ዋሉ አለና "የደረሱበትም ስምምነት..." ብሎ ተንሾካሾከ፤ ጠፋ። እኛ ደግሞ ዜና ሳይጨርስ የሚበተን ሰው አልነበርንም፤ የጎደለውን ሜትር የያዘ ሁሉ ከራሱ ሞላበት። አንዱ አስታረቃቸው፣ ሌላው አዋጋቸው፤ ኦቦ ዲንሳማ ውሉ ውስጥ የቡና ዋጋ አስገቡበት። ቀጥሎ ጋሼ ሸምሱ በአማርኛ ሲናገሩ ኦቦ ዲንሳ ወደ እኔ ዞረው "ማል ጄዴ?" አሉ። ከንፈሬን ነክሼ ዝም።

"ምነው፣ ያንቺም ድንጋይ አለቀ?" አሉኝ ጋሼ ሸምሱ።

"ሜትሩን ካልያዝኩ አልተረጉምም!"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ "ትንሽ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ስለ አገር ምን ታውቃለች?" አለ።

"ሜትር ሳይዝ ተናገረ!" ብዬ ጮህኩበት።

ኦቦ ዲንሳ ግን ወሬው አለፋቸው፤ ትዕግሥታቸው አለቀ። ሜትሩን ከጋሼ ሸምሱ እጅ ነጥቀው "እንቺ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ተናገሪና ገላግይኝ!" አሉኝ። ጆንያው ላይ ቆምኩ፤ በሁለቱም ቋንቋ ጠየቅኩ፦ "ሁለቱ ትልልቆች ስለ ትንሿ ሲነጋገሩ ትንሿ የት ነበረች? ጠየቋት?"

ሱቁ ጭጭ አለ። ኦቦ ዲንሳ ጢማቸውን እያሻሹ "የት ትሆናለች፣ ይቺው ጆንያ ላይ ቆማ የለ!" ሲሉ ሱቁ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ምሽት ወዲያ ሜትሩ በአናቴ ላይ አልፎ አያውቅም። በሳምንቱ ጨው ልትገዛ የመጣችው እናቴም ይዛው አልመልስም ብላ ነበር።

ዛሬ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ እሑድ ምሳ ላይ ሲሰበሰቡ ፖለቲካው በየስልካቸው ይጮኻል፣ እነሱም ከላዩ ይጮኻሉ። ድንጋይ የሚያልቅበት የለም፣ "ማል ጄዴ?" ብሎ የሌላውን ቃል የሚጠብቅ የለም። ባለፈው እሑድ ግን ተነሥቼ ከማድ ቤት ማማሰያ አመጣሁና ጠረጴዛው መሐል አስቀምጬ ሕጉን ነገርኳቸው። ለሊሴ ቀድማ አፈፍ አደረገችው። ታላላቅ ወንድሞቿ አፋቸውን ሲከፍቱ ማማሰያውን ቀና አድርጋ አሳየቻቸው።

ድንጋዩ ካለቀበት ምሽት ወዲህ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።