ስለ ሸክላ ሠሪዋ የሰጠሁት ቃል

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ምስክር ሆኜ ቀርቤያለሁ፤ እሱንም አበላሸሁት። ጥርሱ አልቆ ምላሱ ብቻ የቀረውን ሽማግሌ ለቁም ነገር የሚያጭ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያጨኝ ጓደኛዬ ነው።

ጓደኛዬ ደብረ ማርቆስ ገበያ ጀርባ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጥ ባለ እጅ ነው። ያደግነው ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ አጥር ለአጥር ነው። እናቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ማተብ ታስራለች፣ ደጀ ሰላም ትሳለማለች፣ ስትጠየቅ የክርስትና ስሟን ትናገራለች። እኔ ግን በሰባት ዓመቴ ያየሁት ነገር አለ። ዐቢይ ጾም ሊገባደድ ሲል፣ አንድ ረፋድ፣ ሴትዮዋ የቤቷን ድስት፣ ማሰሮና ገንቦ ሁሉ ጓሮ አውጥታ አንድ በአንድ ሰበረችው። ተቆጥታ አይደለም፤ ጎመን እንደምትቀነጥስ ሴት ረጋ ብላ ነበር። ሰብራ ስትጨርስ ከእሳት የወጣ አዲስ ዕቃ ተሸክማ ገባች።

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። አፌን በእጇ ያዘችው።

"አላየህም" አለችኝ። "የአባቶቿ ሕግ ነው። ሰው ከሰማ ቡዳ ናት ብሎ ያሳድዳታል። አላየህም፣ ገባህ?"

ገባኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ አላየሁም።

ኋላ ደብረ ወርቅ ቆሎ ተማሪ ሆኜ ኦሪት ስንማር፣ እርሾ ከቤት እንዲወጣ የታዘዘበት ቦታ ደረስን። መምህራችን ያብራራሉ፣ ጓደኞቼ እየተቀበሉ ይቀጽላሉ፣ እኔ የሴትዮዋን ጓሮ አያለሁ። ሸክላ የያዘውን ሊጥ ይመጥጠዋል፤ ቢያጥቡት አይለቅም። ስለዚህ ትሰብረዋለች። ያን ቀን ከመምህሬ ቀድሜ የገባኝ ብቸኛው ነገር ይኸ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ቀድሞ ገብቶኝ አያውቅም።

እኛም ቅዳሜን እናከብራለን። አናርስም፣ አንፈጭም። ወጥ ግን እናሞቃለን። የእሷ ምድጃ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠፋል፤ የሚነደው ቅዳሜ ሲመሽ ነው። ጭስ የማይወጣበትን ጣራ ያዩ ጎረቤቶች "እንጨት አልቆባት ነው" እያሉ ያልፉላት ነበር። የእሷ ዘመዶችም ኦሪትን የሚያነቡት እንደኛው በግዕዝ ነው። መጽሐፉ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፤ በመካከላችን የነበረው አንዲት የቅዳሜ እሳት ናት።

ከጓደኛዬ ጋር ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ስለ ሴት አውርተናል፣ ስለ መንግሥት አውርተናል፣ ሽንት እንቢ ስላለኝም አውርተናል። ስለዚህ ግን የለም።

የጓደኛዬ አንድ ልጅ ጎንደር አግብታ፣ ከባሏ ቤተሰብ ጋር እስራኤል ገባች። በስልክ እያየናት ታወራናለች። አንድ ጊዜ ዓርብ ሲመሽ አውቶቡስ እንደሚቆም፣ ሱቁ እንደሚዘጋ ነገረችንና "የአያቴ ምድጃ ከተማ ሙሉ ሆኖ ጠበቀኝ" ብላ ሳቀች። ጓደኛዬ አልሳቀም፤ ወናፉን ማየት ጀመረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጅቱ "እኔ ጋ ና" ትለዋለች። ሄዶ ከእሷና ከልጅ ልጆቹ ጋር መሞት ይፈልጋል። ይኼን የነገረኝ እንኳ "እዚያ ብርዱ ቀለል ይላል ይባላል" ብሎ ነው። ለመሄድ ግን እናቱ ቤተ እስራኤል እንደነበረች የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገዋል። የመንደራችን ሽማግሌዎች አልቀዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

"ከእስራኤል የመጡ ሰዎች ስለ እናቴ ይጠይቁሃል" አለኝ።

"ምን ልበል?"

"የምታውቀውን" ብሎ ብረቱን ገለበጠ።

ባጃጅ ላይ ሆኜ ቃሌን አጠናሁ። ድስቱን፣ ምድጃውን፣ የእናቴን እጅ ሳይቀር በቅደም ተከተል አሰናዳሁ። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ አንድ ወረቀት የያዘ ፈረንጅና አማርኛ የምታውቅ ሴት ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ጎንደር ተወልዳ እስራኤል ያደገች ናት።

"አባባ፣ እናታቸው ቅዳሜን ያከብሩ ነበር?"

"ጎጃም ውስጥ ቅዳሜን የማያከብር ማን አለ?"

"ልጃቸውን በስምንተኛው ቀን አስገርዘዋል?"

"እኔም የተገረዝኩት በስምንተኛው ቀን ነው። ኢየሩሳሌም ና ያለኝ ግን የለም።"

እሷ ሳቀች። ፈረንጁ ጻፈ። እኔ ሰው ሲስቅልኝ ጭራዬን እንደምቆላ ውሻ ነኝ፤ ያጠናሁት ሁሉ በዚያ ሳቅ ጠፋ።

"በግልጽ ልጠይቅዎ አባባ። ሴትዮዋ ቤተ እስራኤል ነበሩ? መንደሩ እንደዚያ ይላቸው ነበር?"

አፌ ብቻውን ሄደ።

"ስም ማጥፋት ነው" አልኩ። "ማተቧን ሳትፈታ የሞተች ክርስቲያን ናት። እሷ ቤት ሌላ ነገር ያየ ሰው የለም። አየሁ የሚል ካለ ይምጣ።"

ጠረጴዛውንም መታሁት። አመስግነው ሸኙኝ። ደረጃውን ስወርድ እንደ ረታ ጠበቃ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። መጨረሻው ደረጃ ላይ ምን እንዳልኩ ሰማሁት።

ተመልሼ ገባሁ። ድስቱን ነገርኳት፣ ምድጃውን ነገርኳት። ጠያቂዋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"አባባ፣ ይኼን ብጽፈው በር ላይ ማን አግኝቶ አስጠናቸው ይሉኛል" አለች። ሆኖም ጻፈችው፤ ከመጀመሪያው ቃሌ በታች።

መልሱ ወራት ቆየ። ወራቱን ሁሉ ጓደኛዬ ዘንድ እየሄድኩ እቀመጣለሁ። አልነገርኩትም። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን በደንብ እተኛ ነበር። እበላ ነበር። አጣጥፈው የተቀመጡበት እግር ሲደነዝዝ ቢቆነጥጡት የሌላ ሰው ሥጋ ይመስላል፤ እንደዚያ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እስራኤል ከግብፅ የወጡበት ሲነበብ እሰማለሁ፤ ባሕሩ ይከፈላል፣ ሰዎቹ ይሻገራሉ፣ እኔ ደግሞ ጫማዬ ውስጥ የገባችውን ጠጠር አስባለሁ።

መልሱ መጣ። አልተቀበሉትም።

ወረቀቱን ያሳየኝ ቀን ነገርኩት።

"ክርስቲያን ናት አልኳቸው።"

መዶሻውን አስቀመጠ። "ቀዝቀዝ አድርገህ ነው ወይስ በኃይል?"

"በኃይል። ጠረጴዛ መትቼ።"

ብረቱን በጉጠት አነሣ፤ ጠቁሯል።

"እናቴ ብትሰማህ ትመርቅህ ነበር" አለ፤ ብረቱንም መልሶ እሳት ውስጥ ከተተው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ እንደነበር አሰብኩ። ማሰብ ብቻ ነው፤ የተሰማኝ ነገር የለም።

ልጁ የደወለችው ያን ጊዜ ነው። ስልኩን ግንድ ላይ አስደግፎ ወረቀቱን ነገራት። ለምን እንደከለከሉት ጠየቀችው።

"ምክንያት አልጻፉም" አላት። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። "አጎትሽ እዚህ ነው፤ ሰላም በይው።"

"ደህና ነዎት? ምን ብለው ይሆን ግን የከለከሉት?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ ልጄ። አያትሽ ክርስቲያን ነበረች ብዬ መሰከርኩ።"

ምስሉ ቆመ። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ አንድ ዓይኗ ግማሽ ተጨፍኗል። ኔትወርኩ ይሁን እሷ ራሷ አላወቅሁም።

"አትዝጋው፣ ያዘው" አለ ጓደኛዬ ወናፉን እየነፋ። "አንዳንዴ ይመለሳል።"

ያዝኩት።