ያማረ ፊርማ

ሰው ትንሽ ሥልጣን ሲያገኝ ምን እንደሚሆን በሃያ ዓመቴ በራሴ አይቼዋለሁ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አራዳ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ሕንፃ ውስጥ፣ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ባንኩ ሠራተኛ ሲያጥረው ነው እኛን ተማሪዎቹን ለግማሽ ቀን የቀጠረን። በመጀመሪያው ደመወዜ ለእናቴ ጫማ፣ ለራሴ ቦርሳ ገዛሁ። ቦርሳው ውስጥ የምከተው ነገር እንኳ አልነበረኝም፤ ግን አንግቼው ሳልፍ የሠፈሩ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ሥራው የሚከብድ አልነበረም። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የቁጠባ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ወረቀት ይሞላል፣ ይፈርማል። እኔ ከኋላዬ ካለው ረጅም የእንጨት ሣጥን፣ ያ ሰው ደብተሩን ባወጣበት ቀን የፈረመበትን ካርድ አወጣና ሁለቱን ፊርማዎች ጎን ለጎን አስተያያለሁ። ከተመሳሰሉ እከፍላለሁ፤ ካልተመሳሰሉ ወረቀቱን እመልሳለሁ። መጻፍ የማይችል በአሻራው ይስተናገዳል። ከእኔ በፊት በዚያ መስኮት የነበረው ተማሪ ያልተመሳሰለ ፊርማ አሳልፎ ወዲያው ተሰናብቷል። ስለዚህ እኔ ካርድ ሳስተያይ አፍንጫዬ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። መመሪያውንም እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ።

የበላዬ ዋናዋ ገንዘብ ያዥ ናት። የእንፍራንዝ ልጅ ናት፤ ያኔ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። መጀመሪያ አንቱ ስላት «አሮጊት አታድርጊኝ» ብላ ስለተቆጣችኝ፣ እንደ ታላቅ እኅት እትዬ እያልኩ አንቺ እላት ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «አንቺ ኮሌጅ» ነው የምትለኝ። ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ አትነሣም፣ ብዙ አታወራም፣ የምታየኝም አይመስለኝም ነበር። ለካስ ሁሉንም ታያለች።

አንድ ቀን፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ገበሬ መስኮቴ ላይ ቆሙ። ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የቁጠባ ደብተራቸውን ከጨርቅ ውስጥ ፈትተው ሰጡኝ። እኔ ሳልጠይቃቸው ጉዳያቸውን ነገሩኝ፤ የገጠር ሰው ገንዘብ ሲያወጣ ምክንያቱን ካልተናገረ የሰረቀ ይመስለዋል።

«በሬ ልገዛ ነው፣ ልጄ። እስታሁን ከጎረቤቴ ጋር አንድ አንድ በሬያችንን እያቀናጀን በየተራ ስናርስ ኖርን። ዘንድሮ እሱ ሁለተኛውን ገዛ፤ እኔ ባንድ በሬ ቀረሁ። ዝናሙ ይኸው ደረሰ። ነገ የማክሰኝት ገበያ ነው፤ ነገ ካልገዛሁ መሬቴ ጦም ማደሩ ነው።»

ወረቀቱን ራሳቸው ሞሉት። ብዙ ገበሬ «አንቺው ሙይልኝ» ነው የሚለው፤ እሳቸው ግን ቢክ እስክሪብቶውን ተቀብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ ጻፉ። ስማቸውን ሲፈርሙ ዐይኔ እዚያው ቀረ። ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ የደብተራ እጅ የመሰለ ነው። እኔ ኮሌጅ ገብቼ እንደዚያ አልጽፍም።

ካርዳቸውን ከሣጥኑ አውጥቼ አየሁት። ስሙ ያው ስም ነው፤ እጁ ግን የሌላ ሰው ነው። አንዱ ፊደል ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ መጨረሻው ደግሞ መስመሩን ለቆ ወደ ታች ወርዷል። ያ የተሰናበተው ተማሪ ትዝ አለኝ።

«አባባ፣ ይኼ ፊርማ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው።

«ምነው? እዚሁ ፊትሽ አይደል የጻፍሁት?»

«ካርዱ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም።»

«እስቲ አሳይኝ።»

«ካርድ ለደንበኛ ማሳየት አይፈቀድም።»

ሳቅ አሉ። «የራሴን?» አሉኝ። እኔ አልሳቅኩም። እሳቸውም ሳቃቸውን ተዉትና ያስረዱኝ ጀመር። «እሱንማ መሠረተ ትምርት ገብቼ በሁለተኛው ወር የጻፍሁት ነው፤ ያኔ እጄ ገና ነበር። ኋላ ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ለሱ ደብዳቤ ስጽፍ፣ ስጽፍ፣ እጄ ቀና። አሁንማ የቀየው እናት ሁሉ ለልጇ እኔን ነው የምታስጽፍ። ሸጋ ይጽፋል እያሉ ከወንዝ ማዶም ይመጡብኛል።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ዛሬም አልረሳውም። «ጎበዝ!» እንድላቸው ነበር የጠበቁት። እኔም ደግሞ በክረምት ዘመቻ መሠረተ ትምህርት አስተምሬ፣ ያንን ቃል ለስንቱ ሽማግሌ ያለ ቁጥር የረጨሁ ሰው ነበርኩ። ያን ዕለት ግን ከመስኮቱ ፍርግርግ ኋላ ነኛ። «ቢያምርም አይመሳሰልም» አልኳቸው። ስናገር የወጣውን ድምፅ ራሴም አልወደድኩት፤ ግን አልመለስኩትም።

«ተማር ያላችሁኝ እናንተው» አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ስትሉኝ ተማርሁ። አሁን ደሞ ምነው ተማርህ ልትሉኝ ነው?»

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔም ደግ የሆንኩ መስሎኝ ጥቂት አዲስ ወረቀቶች ሰጠኋቸውና «እንግዲያው ሄደው እንደ ድሮው አድርገው ይፈርሙልኝ» አልኳቸው። ተቀብለው ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ሌሎቹን ሳስተናግድ በመሀል በመሀል አያቸዋለሁ። ይጽፋሉ፣ ከዐይናቸው ራቅ አድርገው ይመለከቱታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መልሰው ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ ቢኩን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ሲሞክሩ አየሁ። ሰው ክፉ ፊርማ ለመፈረም እንደዚያ ሲለፋ አይቼ አላውቅም። አንጀቴ ተላወሰ፤ ሆኖም መመሪያው ስለ አንጀት የሚለው ነገር አልነበረም።

ሰልፉ አልቆ ልንዘጋ ስንቃረብ ተነሥተው መጡ። አራት ወረቀት ደረደሩልኝ። በግራ እጅ የተጻፈው ጭራሽ ስም አይመስልም፤ ሦስቱ ደግሞ አንዱ ከሌላው ያምራሉ።

«እንዲያ አበላሽቼ ልጽፈው ብዬ ነበር» አሉኝ። ቁጣው ለቋቸዋል። «እጄ እምቢ አለኝ። ያን ጊዜ እንዴት አርጌ እንደጻፍሁት ረስቸዋለሁ።»

ያ ቁጣ በነበረ ይሻለኝ ነበር። «በአሻራ ይሁንልዎ» ብዬ የቀለሙን ሣጥን ወደ እሳቸው ገፋሁ። ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«አሻራስ አላኖርም። መሬቴም ጦም ይደር።»

ይኼኔ እትዬ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። «አንቺ ኮሌጅ፣ ካርዱ ላይ አሻራ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ አሻራውን ከምን ጋር ልታስተያዪው ነው?»

ፊቴ በርበሬ መሰለ። እትዬ ግን በዚያ አላበቃችም። መሳቢያዋን ከፍታ የደመወዝ መክፈያ መዝገቡን አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። በአንድ እጇ የተቀጠርኩበትን ወር፣ በሌላው ያለፈውን ወር ይዛ «እስቲ ይኼን አስተያዪልኝ» አለችኝ። መጀመሪያ ወር ላይ ስሜን እንደ ተማሪ ልቅም አድርጌ ጽፌዋለሁ። ያለፈው ወር ላይ ያለው ደግሞ አንድ የተጠማዘዘ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፊደል ተወጥሯል፣ መጨረሻው እንደ ጅራፍ ዞሮ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። የባንክ ሰው የሚፈርመው እንዲህ ነው ብዬ በማታ ደብተሬ ላይ የተለማመድኩት ነው።

«ይመሳሰላል?»

«አይመሳሰልም።»

«እኔ ግን ከፍዬሻለሁ። ለምን ይመስልሻል?»

«ስለምታውቂኝ።»

«እሱን ነው መጠየቅ የነበረብሽ» አለችኝና መዝገቡን ዘጋች። ሰው ፊርማው ቢለወጥ፣ ከባንኩ ቋሚ ሠራተኛ አንዱ አውቀዋለሁ ብሎ ከፈረመለት አዲስ ካርድ ይወጣለት ነበር። መመሪያው ውስጥ አለ። አንብቤዋለሁም፤ ግን ለሹማምንት የተጻፈ እንጂ ለገበሬ የሚሆን አልመሰለኝም ነበር።

እትዬ የሰውየውን ካርድ ገልብጣ አየችው። በጀርባው ያለው ጽሑፍ የራሷ ነው፤ ደብተሩን ያወጣችላቸው እሷ ናት። ቀና ብላ ትክ ብላ አየቻቸው፣ ፊቷም ጠቆረ።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ። በዚህ መስኮት ስንቱ ያልፋል መሰልዎ፤ መልክዎን አጣሁት። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ልፈርም አልችል።»

የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁ። ሰዓቱ ሊሞላ ነው፤ ወደ ማክሰኝት የሚወርደውም የመጨረሻው መኪና የሚጠብቅ አይደለም። እሳቸው ግን አልተደናገጡም። በፍርግርጉ በኩል እትዬን ሲያዩ ቆዩና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እኔ ግን አንቺን አልረሳሁም፣ እኅቴ። ጥቁር ለብሰሽ ነበር። ጠጉርሽንም ተቆርጠሽ ነበር። እኔ ያንን ስም ስጽፍ ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራት። ከኋላዬ ያሉት ‹ምነው አሻራህን አርገህ ብታልፍ› ሲሉኝ፣ አንቺ ‹ይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ነው› አልሻቸው። ወረቀቱም እንዳይንሸራተትብኝ በጣትሽ ይዘሽልኝ ነበር። ያኔ እግዜር ያጥናሽ ልልሽ አስቤ፣ ፊደሉን ስቆጥር ጠፋብኝ። ከወጣሁ በኋላ መንገድ ላይ ትዝ ቢለኝ፣ ልመለስ ስል ዘግታችኋል።» ጋቢያቸውን ከራሳቸው ገለጥ አደረጉና «ዛሬም ቢሆን ልበልሽ። እግዜር ያጥናሽ» አሏት።

የእትዬ ታናሽ ወንድም በዚያ ክፉ ጊዜ እንደተገደለባት በሹክሹክታ ሰምቼ ነበር። ለማን እንደሚለቀስ እንኳ በሚጠየቅበት ጊዜ ነው። ባልደረቦቿ ጥቁር ለብሳ ስትገባ ዐይናቸውን ወደ ወረቀታቸው ይመልሱ ነበር ይባላል። ክፋት አልነበረም፤ ፈርተው ነው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ያንን ቃል የነገራት ሰው፣ እኔ እስከማውቀው፣ እኚህ ገበሬ የመጀመሪያው ናቸው።

እትዬ ቆማ ቀረች። ከዚያ ከወንበሩ ነጠላዋን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች። እኔም የቀለሙን ሣጥን ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። ስትገልጠው ዐይኗ ቀልቶ ነበር፣ ድምፅዋ ግን ያው የሥራ ድምፅዋ ነው።

«አሜን፣ አያ» አለች። «አሜን።» ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ፣ «ባዶ ካርድ አምጪ» አለችኝ።

አመጣሁ። ከሥሩ «በሚገባ አውቃቸዋለሁ» ብላ ጻፈችና ስሟን አኖረች። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ራሷ ይዛው ሄዳ፣ ማኅተም አስመትታ ተመለሰች። በሥራ ሰዓት ከወንበሯ ስትነሣ ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው። ሰውየው በአዲሱ ካርድ ላይ ያንን ቀጥ ያለ ስማቸውን ጻፉ። እኔም አስተያይቼ፣ አፍንጫዬን ሳላስጠጋ፣ ገንዘባቸውን ከፈልኳቸው።

ጨርቃቸውን ቋጥረው፣ ከጋቢያቸው ሥር አስገብተው ከበሩ ደረሱ። በሬው እጃቸው የገባ ያህል ቀለል ብለው ነበር የሚራመዱት። ከበሩ ላይ ግን አንድ ነገር ያሳሰባቸው መሰሉ፤ ቆሙ፣ ተመልሰውም መስኮቴ ላይ መጡ። እትዬን ሳይሆን እኔን ነው ያዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ልጠይቅሽ። ልጄ እስቲመለስ ገና ዓመት ከመንፈቅ አለው። ደብዳቤውን አልተውም፣ የነዚያንም እናቶች አላሳፍር። ስጽፍ ደሞ እጄ ከዚህም እየቀና መሄዱ አይቀርም። ምን ባረግ ይሻላል?»

ወደ እትዬ ዞርኩ። ጎንበስ ብላ ትጽፋለች፤ ሰምታለች፣ ግን ቀና አላለችም።

«አይተዉ፣ አያ» አልኳቸው። «ይጻፉ። በተለወጠ ቁጥር ይምጡ፤ አዲስ ካርድ እናወጣለን።»