የጥሩምባ ነፊያችን ቀብር

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገና ወንበሬን ሳልስብ ስልኬ በላይ በላዩ ይጮህ ጀመር... ሦስት ቀን ጠፍቶ የሰነበተው ኔትወርክ መመለሱ ነው።

መጀመሪያ የገባው የእድራችን መልእክት ነበር። «አያ ደምሌ አርፈዋል። ቀብር ዛሬ ሐሙስ በስድስት ሰዓት።»

ደግሜ አነበብኩት። ሐሙስ...

አያ ደምሌን ለማታውቁ፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ደብረ ታቦር፣ በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ከጉና ተራራ የሚወርደውን ውርጭ ችለው ደጅ ለደጅ ይዞራሉ። ነፍተው ብቻ አይሄዱም። ከውስጥ አንድ ሰው «ሰምተናል» እስኪል በሩ ላይ ይቆማሉ። እንቅልፍ የከበደኝ ለታ ሦስቴ ነፍተውብኛል።

እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ሬዲዮ ስፈታ ስገጥም ኖሬ አሁን ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። አፌም አያርፍም። አምና የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ከእንግዲህ ሰው በስልክ ይጠራ» ያልኩት እኔ ነኝ። መጪው ዘመን ሁሉን ማሽን የሚያዝበት ነው፤ ማሽን አያዳላም፣ አይታመምም፣ አይረሳም፤ ከእኛ ዘመን በስንት እጥፍ ይሻላል ብዬ ሰበክሁ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ባሰብኝ።

«አያ ደምሌ፣ እንግዲህ ጥሩምባዎን ለጠላ ማንቆርቆሪያ ያድርጉት» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «ስልኩ ይጥራ፣ ደግ ነው» አሉ። «ሰው ካልሰማው ግን ደጁ ላይ ይቆማል?»

«ለምን ይቆማል? ሥራ ፈት ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ። በዚያው ተወሰነ፤ የእያንዳንዱን ሰው ስልክ ተቀብዬ ያስተካከልኩትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝም ካለ ሰው አልሞተም ማለት ሆነ።

አሁን ወደ ሐሙስ ልመልሳችሁ። ቀትር አለፍ ሲል ከሱቄ በታች ባለው መንገድ አስከሬን አለፈ። ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሰዎች፣ አንድ ቄስ፣ ጥቂት ሴቶች። ተሸካሚዎቹን የሚያግዝ እንኳ አልነበረም። ባርኔጣዬን አውልቄ በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ስልኬን አየሁ። ምንም የለም። ኔትወርክ መጥፋቱ እንኳ ትዝ አላለኝም... ሞባይል ጠጋኙ እኔ።

«የእኛ ሰው አይደለም» ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣውንም ሰውዬ «ይሄ ሟች መቼም በዕድሜው የሰው ለቅሶ ደርሶ አያውቅም» ብዬ አሳቅሁት።

ይኸውላችሁ... የሰፈሩን ሰው ሁሉ ለቀብር ሲጠሩ የኖሩትን ሰውዬ ነው እንዲያ ያልኩት።

ቅዳሜ ሱቁን እንደነገሩ ዘግቼ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። ልጃቸው ስመኝ ጥቁር ለብሳ ደጅ ላይ ተቀምጣለች። ጥሩምባው ከበሩ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«ስመኝ፣ ምነው አንድ ሰው እንኳ አንሥቶ ቢነፋው?» አልኳት።

«የእድሩ ጸሐፊ በስልክ ልኬያለሁ አለን። እኛም ሰው ይመጣል እያልን ቄሱ ሰዓቱ አለፈ እስኪሉ ጠበቅን።»

ወደ እኔ ሳታይ ቀጠለች።

«ጋሼ፣ እርስዎን አይቼዎታለሁ። ባርኔጣዎን አውልቀው ቆመው ነበር። ይከተሉናል ብዬ ሁለቴ ዞሬ አየሁ።»

ባርኔጣዬን አውልቄ ለቅሶ ልደርስ ገባሁ።

ስወጣ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ «ሰምቻለሁ፣ አያ ደምሌ» አልኩ።

መጪው ዘመን ከእኛ ይሻላል ወይ ለምትሉኝ ልጆች፣ እኔ እንጃ... የሄደው ግን ሰው እስኪሰማ ደጅ ላይ ይቆም ነበር።