መጨበጥ ብቻ

ጎረቤቴን ሚሊሜትር ያልነው በቁመቱ አይደለም፤ ቁመቱስ በር ሲያልፍ ጎንበስ ያሰኘዋል። ስሙን ያወጣንለት ከደረት ኪሱ በማትለየው አጭር የብረት ማስመሪያ ነው። እኔ ጎማ ጠጋኝ ነኝ፤ የእኔን ቤትና የእሱን ጋራዥ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እሱ ደግሞ ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ ያንን ገደል ቧጦ የሚወጣውን ዓይነት፣ ፍሬኑን ብቻ ነው የሚሠራው። "አልነሳ አለኝ" ብሎ የመጣ ሰው "የሚያስነሳልህን ሂድና ፈልግ፣ እኔ የማቆም ሥራ ላይ ነኝ" ተብሎ ይመለሳል። የኋላውን የፍሬን ገመድ ሲያስተካክል ዳዶውን ሩብ ዙር ያጠብቅና የእጀታውን ልቅነት በማስመሪያው ይለካል። እንደገና ሩብ ዙር፣ እንደገና ልኬት። እኔ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጎማ ጠግኜ፣ ከሁለት ደንበኛ ጋር ተጣልቼ፣ ከአንዱ ጋር ታርቄ እጨርሳለሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ለብረት ነው። ለአፉ ማስመሪያ የለውም።

ሚስቱን እትዬ እላታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አብራው ሠርታለች። የፊት ፍሬን በዘይት ነው የሚሠራው፤ ቧንቧው ውስጥ አየር ከገባ እጀታው ይልመጠመጣል፣ ሞተሩም አልቆም ይላል። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሚሊሜትር ጎማውን አውልቆ መሬት ላይ ይጋደምና "ጨብጪ!" ይላል። እትዬ ኮርቻው ላይ ሆና እጀታውን ትጨብጥና "ጨበጥኩ" ትላለች። እሱ ትንሿን ብሎን ይከፍታል፣ ዘይቱ አየሩን ይዞ ፊስ ብሎ ይወጣል፣ ብሎኑን ይዘጋና "ልቀቂ!" ይላል። ብሎኑ ሳይዘጋ እጀታው ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። እሱ ከተጋደመበት እጇ አይታየውም፤ የሚያምነው ድምጿን ነው። መሃል መሃል ላይ "ገና ነው፣ ይልመጠመጣል" ትለዋለች፤ ሲያልቅ "ደነደነ" ትላለች። በግድግዳው በኩል ቀኑን ሙሉ የምሰማው ይህንኑ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

ረቡዕ ዕለት ጉድ ፈላ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር የክትባት ሳጥን የምታመላልስበትን ሞተር አመጣች። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እየከዳት ነው። ሲስተር ጨዋ ናት፣ "የሁለታችሁም እጅ ይባረክ" አለች። ሚሊሜትር አሜን ብሎ ዝም ቢል ምን ነበረበት?

"የእሷማ መጨበጥ ብቻ ነው" አለ ሳቅ ብሎ። "እሱን ማንም ይጨብጠዋል።"

እትዬ የያዘችውን ጨርቅ አስቀምጣ ወጣች። በማግስቱ ለቅዳሜ ጠዋት የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠች። ሌላ ከተማ ያገባች ልጃቸው ጋ ልትሄድ ነው። "ለስንት ቀን ነው?" ብላት፣ "መመለሻ አልቆረጥኩም" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። የሁለቱ ትዳር የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ ግን ያለ እሷ ድምፅ እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ መዋል አልታይህ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ግን ከሥራ አልቀረችም። "ለሲስተር ቃል ሰጥቻለሁ" አለችኝ። "የተውኩት ሥራውን አይደለም፣ ሰውየውን ነው።"

ኮርቻው ላይ ወጣች። እሱ ተጋደመ።

"ጨብጪ!"

ዝም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ጨብጣለች፣ አልተናገረችም እንጂ። እሱ ጠበቀ ጠበቀና ብሎኑን ሲከፍት እሷ ሰልችቷት ለቀቀች። አየሩ ስርግ ብሎ ገባ።

"ንገራት" አለኝ ሚሊሜትር ከመሬት። "ስትጨብጥ ትናገር።"

እትዬ ከእሱ አንድ እርምጃ ላይ ናት። "ንገረው" አለችኝ። "የእኔ ሥራ መጨበጥ ብቻ ነው። ተናገሪ አልተባልኩም።"

"ሰምተሃታል" አልኩት።

"አልሰማሁም።"

ቃል በቃል ደገምኩለት። በዚህ ዓይነት አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት አለቀ፣ እጀታው ግን ያው ስፖንጅ ነው። ደንበኞቼ ጎማቸውን አቅፈው በሬ ላይ ይጠብቁኛል፣ እኔ የሁለት እልኸኞች ስልክ ሆኛለሁ።

"በቃ!" አለ ሚሊሜትር። "አንተ ና ጨብጥ። ማንም ይጨብጠዋል ብያለሁ።"

ያ ማንም የተባለው እንግዲህ እኔ ነኝ። እትዬ ወረደችና እኔ ኮርቻው ላይ ወጣሁ። "ጨብጥ!" ሲለኝ ፈጣን መሆን ያስመሰግነኛል ብዬ፣ እጄን ሳልሰበስብ "ጨበጥኩ!" አልኩ። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሌ ጨበጥኩ። ብሎኑ ግን ቀድሞ ተከፍቶ ኖሯል፤ ዘይቱ ተፈትልኮ ሚሊሜትር ጺም ላይ አረፈ። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቋን አፈነች።

ከአምስት ሙከራ በኋላ "ደነደነ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ምን ሲሆን ነው ደነደነ የሚባለው?" አልኩት። የምሬን ነው፣ አላውቅም። ራሱ ተነስቶ ጨበጠው፣ ለቀቀው፣ ደግሞ ጨበጠው። ማስመሪያውን አውጥቶ ለካ። ልኩ ልክ ነው፤ መደንደኑን ግን ሊነግረኝ አልቻለም። ለካ እሱም አያውቀውም። ሃያ ስድስት ዓመት ያንን ሲያውቅ የኖረው በእሷ ጣት ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ሲስተር ሳጥኗን አንግታ መጣች። "ደረሰልኝ?"

የላላ እጀታ ቶሎ ቶሎ ደጋግመው ከጨበጡት ለጊዜው ይጠነክራል። ይህን እኔም እሱም እናውቃለን። ሦስት አራት ጊዜ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ ቢያስረክባት አመስግና ትሄድ ነበር፣ እስከ መጀመሪያው ቁልቁለት ድረስ። ሚሊሜትር እጁን ወደ እጀታው ላከ። እጁን መለሰው።

"አልደረሰም፣ ሲስተር" አለ። "ረቡዕ እፊትሽ የተናገርኩት ስህተት ነው። ማንም አይጨብጠውም። ፍሬኑ መያዙን የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔ አላውቅም። እስከ ዛሬ ሰውን ሁሉ 'ሂድ፣ ይይዝልሃል' ብዬ የሸኘሁት እሷን አምኜ ነው።"

ከዚያ ያለ እኔ አስተርጓሚነት ወደ ሚስቱ ዞረ። "አጥፍቻለሁ። መሄዱን ሂጂ፣ አልከለክልሽም። ግን ይሄን ሳልነግርሽ እንዳትሄጂ ነው።"

ያ ረጅም ሰው ዘይት የሚንጠባጠብ ጺሙን ይዞ ቆሞ ሳየው አንጀቴን በላው። እትዬ እግሩን አየች፣ ፊቱን አየች።

"ጺምህን ጥረግ" አለችው። "ከዚያ ተኛ።"

ተኛ።

"ጨብጪ።"

"ጨበጥኩ።"

"ልቀቂ።"

"ገና ነው።"

ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ደንበኞቼ ቢሰድቡኝም ከበሩ አልተነሳሁም። በሰባተኛው ላይ "ደነደነ" አለች። እሱ ለማረጋገጥ ማስመሪያውን ሊያወጣ ሲል "ተወው" አለችው፣ ተወው። ጎማውን መልሶ ገጠመ። ሲስተር ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ሁለት ጊዜ ወርዳ፣ ሁለቱንም ጊዜ መሃል ላይ ቀጥ አድርጋ አቁማው ተመለሰች።

"በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛውን ሞተር ላመጣላችሁ አስቤ ነበር" አለች። ቅድም የሰማችው ትዝ ብሏት መሰለኝ፣ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየች ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እንዴት ነው፣ ላምጣው?"

ሚሊሜትር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ማስቲካ እንኳ እያኘክሁ ነበር፣ አቆምኩ።

እትዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገች።

"አምጪው" አለቻት። "አለሁ።"