የማይለቅ ቀይ

በሰቆጣው ጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት ሥራዬ የሰው አክታ ማየት ነበር። ሌላው ሰው ጧት ተነስቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል፤ እኔ ብልቃጥ እከፍታለሁ። ክረምት ሲገባ ይብስብኛል። ማይክሮስኮፔ መብራት የለውም፤ የሚሠራው በመስተዋቱ በሚቀበለው የፀሐይ ብርሃን ነው። ነሐሴ ላይ ደመናው እስኪገለጥ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አንቀላፋለሁ። መሰልቸት ብቻ አልነበረም፤ አጥንቴ ድረስ ደክሞኝ ነበር።

አንድ ቄስ ወደ እኔ የመጡት ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች የገጠር ደብር አገልጋይ ናቸው። ከስተዋል፤ ሲስሉ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። ብልቃጥ ሰጥቼ "አባ፣ ጧት እንደነቁ ከደረትዎ የሚወጣውን አክታ ይዘውልኝ ይምጡ" አልኳቸው። ሱባኤው ከተጀመረ በኋላ ባዶውን ይዘው ተመለሱ።

"ምነው አባ?"

"ልጄ፣ በየዕለቱ እቀድሳለሁ። ትናንት የቆረብሁበት አፍ ነው፤ ነገም እቆርብበታለሁ። መቼ ልትፋበት?"

የቆረበ ሰው በዕለቱ እንደማይተፋ እኔም አውቃለሁ። እሳቸው ግን ሱባኤውን በሙሉ እንደ አንድ ቀን ቆጥረውታል። ተናደድኩ።

"ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ይባላል። ሳል ይዞ ቅዳሴስ እንዴት ነው? አንድ ቀን ይቅሩ!"

ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፤ የመጣባቸውንም ዋጡት። ሲውጡት ማየት ከበደኝ።

"ሁለት ቄስ ብቻ ነን" አሉ። "አንድ ቄስ ብቻውን አይቀድስም። እኔ ከቀረሁ ደብሩ ይዘጋል።"

ባዶ ብልቃጣቸውን ይዘው ሄዱ።

ሱባኤው ሳያልቅ አንድ ጧት ደጃፌ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ብልቃጧ ሞልታለች፤ አክታው ውስጥ የደም ክር አለ።

"ሌሊት አፌ ደም ደም አለኝ። ደም ይዤ መቅደስ አልገባም" አሉኝ። "ዛሬ ደብራችን አልተቀደሰም።"

አክታውን ስስ የመስተዋት ቁራጭ ላይ ቀባሁት፤ ሲደርቅ በነበልባል ላይ አሳለፍኩት። ቀዩን ቀለም አፍስሼበት እንፋሎት እስኪያወጣ ከሥር አሞቅሁት። ቀጥሎ አሲድ ነው። አሲዱ ሌላውን ሁሉ ቀለሙን ያስለቅቀዋል፤ የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ግን ሰም የመሰለ ሽፋን ስላለው የጠጣውን ቀይ አይለቅም። በመጨረሻ ሰማያዊ ይደረግበታል፤ ቀዩን የለቀቀ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ጀርምን ከጀርም የምንለየው እንዲህ ነው፤ ክብ ነው ወይስ ዘንግ ብለን በቅርጹ፣ ከዚያም በሚይዘው ቀለም። ይህን ሁሉ እጄ ያለ ሐሳብ ይሠራዋል። የዚያን ቀን ግን ሁሉም ሰማያዊ በሆነልኝ ብዬ ለመንኩ።

ደመናው ገለጥ ሲል አየሁ። ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች ሞልተውታል።

የሳንባ ነቀርሳ እንደያዛቸው አልደበቅኳቸውም። መድኃኒቱ ብዙ ወራት እንደሚወስድ፣ እስኪሻላቸውም ከሰው መሀል ሆነው መቀደስ እንደማይችሉ ነገርኳቸው።

"እስቲ አሳየኝ" አሉ።

ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዩ።

"ቀያዮቹ ናቸው?"

"አዎ፣ አባ።"

"እነዚህ ናቸዋ አብረውኝ ሲቆርቡ የከረሙት?"

ደመናው ተመልሶ መጣ። ብርሃኑ ጠፍቶ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ እሳቸው ግን ዐይናቸውን አላነሱም።